የሹሩባ እስክስታ

ከበሮው ሲደለቅ የቡራዩ ትምህርት ቤት ግቢ ባንድ እግሩ ቆመ። ተማሪዎቹ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ። ባለፈው ዓመት ያየ ላላየው ነግሮታል፤ ያልነገረም በስልክ ቀርጾ አሳይቶታል። ስለዚህ ራህመት ከድሩ የዳኛ ካባዋን ደርባ ከእንጨቱ ሳጥን አጠገብ ስትቆም መጀመሪያ ከፊት ያሉት፣ ቀጥሎ ግቢው በሙሉ ጮኸ።

«እስክስታ! እስክስታ! እስክስታ!»

ራህመት ፈገግ አለች። ይህን ቲያትር የጻፈችው ራሷ ናት። አንዲት ገበሬ ድንቿን የበላችባትን ጃርት ከስሳ ፍርድ ቤት ታቆማታለች። ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ ጃርቷን ከመግደል ይልቅ ማሳውን በቦይና በአጥር መከለል እንደሚሻል ይበየናል፤ ተከሳሿም በነጻ ትለቀቃለች። ታዲያ ተከሳሿ ሰው አይደለችም፤ እውነተኛ ጃርት ናት። ስሟ ሹሩባ ነው። ይህን ስም ያተረፈላት ወደ ኋላ የተጎነጎነ ፀጉር የሚመስለው እሾኋ ነው።

ራህመት ሳጥኑን ከፈተች። ከበሮ መቺው የህያ ምቱን አጣደፈው። ሹሩባ ብቅ ብላ ብርሃኑንና ሕዝቡን አየች፤ እሾኋን እንደ ዣንጥላ ዘረጋች፤ ከዚያም ጀርባዋን ሰጥታ በኋላ እግሮቿ ወለሉን እየደበደበች ሽክሽክሽክ አደረገችው። እሾኋ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የጎበዝ ጨፋሪ ትከሻ እንጂ ሌላ አይመስልም። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

ራህመት እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን ወደ የህያ ወረወረች። ይህች ቅጽበት የሁለቱ ነበረች። ሰው ሁሉ ጃርቷን ሲያይ እነሱ ይተያያሉ፤ በቃል ያልተባባሉትን ሁሉ ያን ጊዜ ይባባላሉ። ዛሬ ግን የህያ አላያትም። ዓይኑ ከሹሩባ አልተነቀለም። ከበሮውንም ከልማዱ ቀድሞ ዝም አሰኘው።

ዕቃው ሚኒባሱ ላይ ሲጫን ገበሬዋን የምትጫወተው ቤቴል ሁለቱንም በተራ ተመለከተች።

«ኧረ ጉድ ነው» አለች። «ክሱን የተረታሁት እኔ፣ ፊቱን ያጠቆረው እሱ!»

ማንም አልሳቀም። ቤቴል ነገሩ ገብቷት ወደ ሾፌሩ ወደ ወንዲ ሄደች።

የህያ ብዙ ተናጋሪ አይደለም። እናቱ ወይዘሮ ገለቴ አትክልት በሚሸጡበት መደብር ጎን፣ በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ልብስ ይሰፋል። የቲያትሩን ልብስ ሁሉ የሰፋው እሱ ነው። ሲናገር ቃሉን እንደ ጨርቅ ለክቶ ነው።

«እሑድ ሱሉልታ ላይ ከበሮ አልመታም» አለ።

«ምን አልክ?»

«እየጨፈረች አይደለም፣ ራሂ። እየፈራች ነው።»

ራህመት ከት ብላ ሳቀች። «ሹሩባ? ሹሩባ ናት የምትፈራው? ተው እንጂ የህያ!»

«ሐሙስ እናንተ ቤት ሳጥኗን ስጠግን የጎረቤት ውሻ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ገባ። ከበሮ የለ፣ የሚያጨበጭብ ሰው የለ። ግን ያው ነው። እሾኋን ዘረጋች፤ ጀርባዋን ሰጠች፤ በእግሯ ደበደበች፤ ሽክሽክ አለች። አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም። ውሻው እስኪወጣ ድረስ አላቆመችም። ለካ በየትምህርት ቤቱ ውሻው እኔ ነበርኩ።»

«እኔ ነኝ እኮ በጡጦ ያሳደግኳት! ጉድጓዷ ውስጥ ውሃ ገብቶ እናቷ ስትሞትባት፣ የፍየል ወተት አሙቄ እዚህ እጄ ላይ ነው ያሳደግኳት። ብትፈራ እኔ አላውቅም ነበር?»

«በጣም ስለምትወጃት ነው ያላየሽው።»

ይህ ቃል ከስድብ በላይ አመማት። ያመማት ደግሞ በአጉል ሰዓት ነው። አባቷ ሐጂ ከድሩ ዓለም ገና ላይ የሕንፃ ዕቃ የሚነግዱ፣ በገበያው ሰው ዘንድ የተከበሩ ሰው ናቸው። የህያ ሽማግሌ ሊልክ ማሰቡን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ልብስ ሰፊ ነው ትላላችሁ፤ ከበሮ መቺ ነው ትላላችሁ፤ ሥራ የምትሉትን ነገር በዓይኔ ልየው። ሽማግሌ ይምጣ ወይ ይቅር የምለው ከዚያ በኋላ ነው» ነበር ያሉት። የሚያዩትም የፊታችን እሑድ ሱሉልታ ላይ ነው። ብቻቸውን አይመጡም። የሐጂ ከድሩ ልጅ ጃርት እስክስታ ታስመታለች የሚለው ወሬ ፉሪ ድረስ ስለተሰማ የገበያ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ጋብዘዋል።

«እሑድ ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ» አለች ራህመት፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «አባቴን ፈርቼ ነው በለኝ። እንደ ወንድ ፈራሁ በል። ሰበብህን እንስሳዋ ላይ አትለጥፍ።»

የህያ ቀና ብሎ አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት። ከበሮውን በጨርቁ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገና በእግሩ ወደ ገበያው አቀና።

ሚኒባሱ ሲነሳ ራህመት ወደ ኋላ አልዞረችም። አንገቷ ግን የዞረ ያህል አመማት።

*

የአባቷ ግቢ ከሱቁ ጀርባ ነው። በቆርቆሮ ክምርና በታሰረ ብረት መካከል ለሹሩባ የታጠረች ቦታ አለች። ራህመት ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ካባዋን እንኳ በወጉ ሳታጥፍ እዚያ ገብታ ተቀመጠች። የመጣችው ለመጣላት ነው። የህያ እንደተሳሳተ ራሷ አይታ፣ ነገ ደውላ ልትነግረው ነው።

ድንች ቆርሳ ወረወረችላት። ሹሩባ ጥጓ ውስጥ ተኝታለች። ጃርት ቀን የሚተኛ እንስሳ መሆኑን ራህመት ታውቃለች፤ በቲያትሩም ላይ ለልጆቹ ይህንኑ ታስተምራለች። ዛሬ ግን የገዛ ትምህርቷ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። በየሳምንቱ በጠራራ ፀሐይ ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰች የምታወጣት ማን ሆነና?

ያን ሐሳብ ገፍታ ተነሣች። «ሹሩባዬ፣ ነይ እንጨፍር!» ብላ አጨበጨበች።

እንስሳዋ ብድግ አለች። እሾኋ ተዘረጋ፤ ጀርባዋን ሰጠች፤ በእግሯ መታች፤ ሽክሽክ አለች።

«ይኸው!» አለች ራህመት በደስታ። «ይኸው እየጨፈርሽ!» እንደ ሕፃንነቷ ልታቅፋት እጆቿን ዘርግታ ተጠጋች።

ሹሩባ ወደ ኋላዋ እየሸሸች ከአጥሩ ጥግ ተጣበቀች። የምትሸሽበት ቦታ አልነበራትም። እሾኋን ሁሉ አቁማ፣ ጡጦ ሲያጠባት በኖረው እጅ ፊት ለፊት ተንቀጠቀጠች።

ራህመት እጇን ቀስ ብላ ወደ ደረቷ መለሰች። መሬት ላይ ተቀመጠች። አልተንቀሳቀሰችም። ፀሐይዋ ከቆርቆሮው ክምር ጀርባ ስትጠልቅ እሾኹ አንድ በአንድ ተኛ። ሹሩባ መጥታ የተወረወረላትን ድንች አሸተተች፤ ከዚያ የራህመትን ቁርጭምጭሚት አሸተተች፤ ከዚያም እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብላ ማኘክ ጀመረች። ያን ጊዜ ራህመት ያለ ድምፅ አለቀሰች። ዓመት ሙሉ ያስጨበጨበችው በዚህች እንስሳ ፍርሃት ነበር።

ስልኳን አወጣች። የየህያን ቴሌግራም ከፈተች። ስሙ ሥር እየጻፈ መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ። ጠበቀች። ምልክቱ ጠፋ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ጠፋ። ራሷም «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ ጻፈችና ሰረዘችው። በአንድ ቃል የሚያልቅ ጥፋት መስሎ አልታያትም።

«አንቺ ልጅ!»

ሐጂ ከድሩ የሱቁን የጀርባ በር ከፍተው ቆመዋል።

«እዚህ ነኝ አባባ።»

«ጃርትሽ እሑድ እንዳታሳፍረኝ። የዓለም ገና ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ሊመጣ ነው።»

«ሹሩባ አታሳፍርዎትም።»

«ከበሮውስ?»

«የምን ከበሮ?»

«ያ ልጅ ነዋ! ስሙ ይጠፋብኛል፤ ከበሮው እያልኩ ነው የምጠራው።» ሳቃቸውን ዋጡ። «ይመጣል?»

ራህመት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና አለች። ይምጣ አይምጣ አላወቀችም። አፏ ግን ከእሷ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ይመጣል አባባ።»

«ካልመጣም መልሱን ሰጠ ማለት ነው፤ እኔንም ከድካም ገላገለኝ» ብለው ገቡ።

ራህመት ያን «ይመጣል» ለራሷ ደገመችው። እንደ ተስፋ ሳይሆን እንደ መሐላ ጣፈጣት።

*

ሱሉልታ ላይ ብርዱ ከተራራው እየወረደ የአዳራሹን መስኮቶች ያንኳኳል። የፊተኛውን አግዳሚ ወንበር ነጋዴዎቹ ይዘዋል። ሐጂ ከድሩ መሐል ተቀምጠው፣ ነጭ ቆባቸውን እያስተካከሉ፣ ለግራና ለቀኙ ያብራራሉ። «ቆዩ ብቻ፤ መጨረሻው ላይ ነው» ይላሉ። ከኋላቸው ልጆቹ እንደ ንብ ይተማሉ።

ራህመት ከመጋረጃው ጀርባ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ለቤቴል እንኳ ያሰበችውን አልነገረችም። እውነቱን ለመናገር ገና አልቆረጠችም ነበር። ሹሩባን ብታወጣ እንስሳዋን ትበድላለች፤ ባታወጣ አባቷ በጓደኞቻቸው ፊት ያፍራሉ፤ የህያም ለዘላለም ከደጃቸው ይቀራል። ልቧ በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

በጎን በር የህያ ገባ። ከቡራዩ ታክሲ እየቀያየረ ነው የመጣው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል። ከበሮው ትከሻው ላይ ነው። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ ጎንበስ ብሎ «ሂን ሶዳቲን፤ አትፍሪ» አለ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ወደ ራህመት ቀና አለ።

«መጣሁ። የፈራሁ መስሎሽ ነበር።»

«የህያ፣ እኔ…»

«ልጨርስ። ሳጥኑን ብትከፍቺም ከበሮውን አልመታም። ግን ከመድረኩም አልወርድም። አባትሽ ፊት እጄን አጣጥፌ እቆማለሁ፤ ካፈርኩም እዚያው ልፈር። የምፈራው ሐጂን እንዳልሆነ እንድታዪ ነው።»

ራህመት ልትመልስለት አፏን ከፈተች። መጋረጃው ተከፈተ።

ቲያትሩ ማር ማር እያለ ሄደ። ቤቴል ስለ ድንቿ ስታለቅስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነጋዴዎቹ ራሳቸው ሣቁ። በመጨረሻም ራህመት በዳኛ ድምፅዋ «ተከሳሽ በነጻ ተለቀሻል!» አለች። ልጆቹም ይህን ጠብቀው ጮኹ።

«እስክስታ! እስክስታ!»

ጣቶቿን መዝጊያው ላይ አደረገች። ሳጥኑ ከእጇ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ከበሮ ገና አልተመታም፤ በሩም አልተከፈተም። በሳንቃዎቹ መካከል አጮልቃ ስታይ እሾኹ ሁሉ ቆሟል።

ቀና አለች። አባቷ ለአጠገባቸው ሰው በጣታቸው ሳጥኑን እያሳዩ ነው። የህያ ከበሮው አጠገብ እጁን አጣጥፎ፣ ግንባሩ በላብ ርሶ፣ ሐጂ ከድሩን ዓይን ለዓይን እያየ ቆሟል። ያን ጊዜ ልቧ መመላለሱን ተወ። እንዲህ የሚቆም ሰው ካላት ምን ያስፈራታል?

«ፀጥታ!» አለች። «ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር ረስቷል። እስካሁን ተከሳሿን የጠየቃት የለም። ልጆች፣ ፈርቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ!»

እጆች ወጡ። በሁለቱም እጁ የተንጠራራ ነበር።

«ስትፈሩ ምን ትሆናላችሁ?»

«እንቀጠቀጣለሁ!»

«ፀጉሬ ይቆማል!»

«ሽንቴ ይመጣል!»

አዳራሹ ሳቀ። ራህመትም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ግን ድምፅዋ ተሰበረ። «ሹሩባም እንደናንተው ናት። ስትፈራ ፀጉሯ ይቆማል፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እኛ እሱን እያየን ጨፈረች ስንል ኖርን። አልጨፈረችም። እንድንተዋት እየለመነችን ነበር። አሁን ዳኞቹ እናንተ ናችሁ። ሳጥኑ ይከፈት ወይስ አይከፈት?»

ከአዳራሹ መሐል «ይከፈት!» ያለ ነበር፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ የከረመ ልጅ ስለሆነ አይፈረድበትም። አንዲት ልጅ ግን ተነሥታ «እኔ ስፈራ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም» አለችና መልሳ ተቀመጠች። ከዚያ «አይከፈት» የሚለው ድምፅ ከዚህም ከዚያም ተነሣ፤ እየወፈረ ሄደ።

«ተፈረደ» አለች ራህመት። «እንግዲህ ከበር እስክትወጣ ድረስ ማንም ድምፅ እንዳያሰማ።»

ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍነው ከቤቴል ጋር አነሡት። ያ ሁሉ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«ኧረ ሐጂ! ለዚህ ነው ሱቅ ያዘጋኸን?»

ራህመት እርምጃዋን ገታ አደረገች። የአባቷ መልስ ከኋላዋ መጣ፤ ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነው እንጂ አዳራሹ ሁሉ ሰምቷል።

«ዝም በል አንተ! ሕፃናቱ እንኳ ዝም ብለዋል።»

ራህመት ሳጥኑን የተሸከመችበትን ክንድ አላወቀችውም። የሚከብድ ነገር የያዘች አልመሰላትም።

*

ወንዲ ሚኒባሱን ከአዳራሹ አርቆ ባሕር ዛፎቹ ሥር ካቆመው በኋላ ራህመት ተመልሳ «አሁን እስክስታው የኛ ነው!» ብላ ልጆቹን አስነሣች። ያን ጊዜ የህያ ከበሮውን መታ። መድረኩ የልጅ መፈንጫ ሆነ።

ሁሉም ሲያልቅ ሁለቱ ሚኒባሱ አጠገብ ተገናኙ።

«በደልኩህ» አለች ራህመት። «ያልኩህን ሁሉ ልመልሰው ብችል…»

«እኔም ጻፍኩልሽና ሰረዝኩት።»

«አይቼዋለሁ። ስትጽፍም ስትሰርዝም።»

«እሷን ምን ልታደርጊ ነው?»

የራህመት ዓይኖች እንባ አቀረሩ፤ ድምፅዋ ግን አልተናወጠም። «ከቡራዩ አልፎ በሆለታ መንገድ የዱር እንስሳት ማቆያ አለ። ትናንት ደውዬ ጠየቅኋቸው። ሰፊ ግቢ አላቸው፤ ቀን የሚቀሰቅሳት የለም። አብረን እንወስዳታለን። ብቻዬን አልችልም።»

«አብረን» አለ የህያ።

ቤቴል ከኋላቸው አንገቷን አሰገገች። «ከእንግዲህ ጃርቷ ማን ሊሆን ነው? እኔ እንዳልሆን! የጃርት ልብስ ስፋልኝ አላልኩም!»

ሊመልሱላት ሲሉ ሐጂ ከድሩ መጡ። ራህመት ባላሰበችው ፍርሃት ወደ ሚኒባሱ ገብታ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። በሩ ገርበብ እንዳለ ቀረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ» አለ የህያ።

«ወዐለይኩም ሰላም። ያቺ ድንቿ የተበላባት፣ አፏ መዝጊያ የሌለው ልጅ ነገረችኝ። ከበሮ አልመታም ብለህ ልጄን እምቢ ያልካት አንተ ነህ?»

«አዎ ሐጂ።»

«እኔ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ?»

«አዎ። እርስዎን ላለማስቀየም ብዙ አሰብኩ። ግን እንስሳዋን እያስፈራራሁ የእርስዎን ልጅ መጠየቅ ከበደኝ።»

ሐጂ ከድሩ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «እኔ ይህችን ልጅ ከተወለደች እምቢ ብያት አላውቅም። ጠፍቶኝ አይደለም፤ አቅቶኝ ነው። እናቷም አቅቷታል። እምቢ የሚላት ሰው ከየት ይመጣ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ ለካ ከቡራዩ ኖሯል!» ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «ሽማግሌዎችህ እነማን ናቸው?»

«አጎቴ ኦቦ ሐምዱ አሉ። ሌሎቹም የእሳቸው እኩዮች ናቸው።»

«ያረጁ ናቸዋ።»

«አዎ ሐጂ።»

«እንግዲያው ንገራቸው። ልጅ ሊጠይቅ የገባ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም እያሉ እኔ ቤት ቆመው ጉልበታቸውን እንዳይጨርሱ። እንደገቡ ይቀመጡ።»

ይህን ብለው ወደ ጓደኞቻቸው ሄዱ።

ራህመት ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉንም ሰማች። እልልታው ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ። ልትለቀው ስትል ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ወደቀ። ሹሩባ እሾኋን አስተኝታ፣ አፍንጫዋን በሳንቃዎቹ መካከል አውጥታ፣ እንቅልፍ እየወሰዳት ነበር።

ራህመት የእጇን ጀርባ ነከሰች። የህያ በተገረበበው በር አንገቱን አስገብቶ ሲያያት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አንድም ድምፅ ግን አታሰማም። ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ሳጥኑ አመለከተችው። እሱም አፉን በመዳፉ ከደነ። በሕይወታቸው እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ ደስታቸውን እንዲህ አፍነውም አያውቁም። ታፍኖም ይሞቅ ነበር።